ጸሎት ቤታችን ሚክላት ውስጥ ነው፤ ለሮሽ ሃሻናና ለኪፑር ሽማግሌዎቻችንን ከኮሮና እንዴት እንጠብቃቸው?

የነታንያው ገባይ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2020

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ነታንያ ውስጥ ባለች ትንሽ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ገባይ ነኝ። በር እከፍታለሁ፣ መጽሐፍ እደረድራለሁ፣ ኦሪት የማንበቡ ተራ የማን እንደሆነ አያለሁ፣ ሻይና ስኳር ሲያልቅ እገዛለሁ። 7 ዓመት ሆነኝ። ከማርች ወዲህ ግን ያንን ቁልፍ ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል።

ጸሎት ቤታችን ያለው ሚክላት ውስጥ ነው። እስራኤል ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሌላ አገር ላላችሁ፣ ሚክላት ማለት ለጦርነት ጊዜ ከመሬት በታች የተሠራ የሕዝብ መጠለያ ነው። ሌላ ቦታ ስላልነበረን እሱ ተሰጠን፣ እግዜር ይስጣቸው። 11 ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። በሩ ከባድ ብረት ነው፤ እሱም አንድ ብቻ ነው። መስኮት የሚባል የለም። ጣሪያው ሥር ሁለት የአየር ቀዳዳዎች ነበሩ። አንዱን እኔ ሳልመጣ በፊት አይጥ ገባ ብለው በሲሚንቶ ደፍነውታል። በደህናው ጊዜ ለሰንበት እስከ 45 ሰው ይመጣል። ለኪፑር 80 ይደርሳል።

ጸሎቱ ሲሞቅ ግድግዳው ያልበዋል። አንድ ኪፑር ማታ ላይ ደክሞኝ ጀርባዬን ባስደግፍ ሸሚዜ ርሶ ተነሣሁ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስንት ሰው መጥቷል ብዬ። አሁን ሳስበው ያ ውኃ የ80 ሰው ትንፋሽ ነበር።

ከሚመጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው። አባቴም አንዱ ናቸው። መታወቂያቸው 78 ይላል፤ ግን የልደት ቀኑን የሞላው እዚህ ስንገባ የተቀበለን ጸሐፊ ነው። እሳቸው "በጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት" ይላሉ። እንግዲህ 80ን ሳያልፉ አይቀሩም።

በጁላይ አንድ ሰው አጣን። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በ1984 ከአባቴ ጋር በሱዳን በኩል አብረው በእግር የመጡ ናቸው። ለቅሶ ደርሰው መጡ፣ በሳምንቱ ትኩሳት ያዛቸው፣ ከዚያ ሆስፒታል ገቡና አልተመለሱም። ልጆቻቸው የተሰናበቷቸው በስልክ ነው። ቀብር ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ስለተፈቀደ አባቴ ከመቃብሩ አጥር ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ቀበሯቸው። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የጋሼን ወንበር በእጃቸው ይዳብሳሉ። ከዚያ ያንን እጅ ይሳለማሉ። ተው ማለት አልቻልኩም።

አሁን በዓሉ ደረሰ። ዓርብ ሴፕቴምበር 18 ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሰገር ነው፣ ማለትም ከቤት መውጣት ይከለከላል፣ ተብሏል። ማታውኑ ሮሽ ሃሻና ይገባል። የአዲስ ዓመት በዓላችን፣ አባቶቻችን ብርሃን ሠረቀ የሚሉት። ኪፑር፣ ማለትም አስተሥርዮ፣ የሚገባው ደግሞ እሑድ በ27 ማታ ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ሚክላቱን ዘግተን ግቢ ውስጥ ብንጸልይስ? ግቢው አለ፤ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ለኪፑር ደግሞ ጾመኞች ናቸው። ሁለተኛ፣ ማስክ አድርጉ ስላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጉና "ይኸው" ይሉኛል። ነጠላ ይበቃል? ሦስተኛ፣ በበዓል ቀን ስልክ የለም፣ ጽሕፈት የለም፣ ያ በግንባር የሚለካው ቴርሞሜትርም በባትሪ ነው የሚሠራው። ማን መጣ፣ ማን ከማን ጎን ተቀመጠ የሚለውን እንዴት ልያዝ? ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሰላምታው ነው። ጉንጭ ሳይስሙ፣ ቄሱ ጋ ሳይጠጉ ጸሎት ቤት የመጡ አይመስላቸውም።

ቤት ይቅሩ ብዬ አባቴን ለምኛቸዋለሁ። አንድ ቃል ነው የመለሱልኝ። "ኢየሩሳሌም ለመግባት ሱዳን በረሃ ውስጥ ልጅ ቀብሬአለሁ፣ አሁን ለኪፑር ቤት ተቀመጥ ትለኛለህ?" ምን ልበል?


ነርስ ከቤርሸባ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2020

ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ለጋሼም ነፍስ ይማር።

ነርስ ነኝ። ከማርች ጀምሮ የምሠራው ኮሮና ክፍል ነው። በቀጥታ ልንገርህ፤ ወደ ሚክላቱ አንድም ሰው አይውረድ። ለ10 ሰውም ቢሆን፣ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን። ቁልፉን አንተው ያዘው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ትንሽ ነው የሚተነፍሰው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘምር፣ አሜን ሲል፣ ሲያለቅስ ግን ከአፉ የሚወጣው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አየሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ያ ነገር ክፍሉ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በማርች አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንድ የመዘምራን ቡድን ለልምምድ ተሰበሰበ። 61 ሰው ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ዘመሩ። ከ61ዱ 53ቱ ታመሙ፣ 2ቱ ሞቱ። መነሻው አንድ ሰው ነው። ኪፑር ደግሞ ሙሉ ቀን ነው። ወገኖቻችን እንዴት እንደሚጸልዩ አንተው ታውቃለህ።

ሰው ሁሉ የሚደክመው ጠረጴዛ በመጥረግ ነው። መጥረጉ አይከፋም፣ እጅ መታጠብም ግድ ነው። ግን ወንበር ሲጠርግ ውሎ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ትልቁን በር ከፍቶ ትንሿን ቀዳዳ እየደፈነ ነው። የፕላስቲክ ጓንትም አታልብሷቸው። ጓንት ያደረገ ሰው እጁን አይታጠብም፤ በዚያው ፊቱን ይነካል።

ስለ ነጠላ። ነጠላ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳያል። እናቴም እንደዚሁ አስቸገረችኝ። በመጨረሻ ያደረግኩት ማስኩን ከውስጥ አድርጌላት ነጠላውን ከላይ እንደ ልማዷ ጣል ማድረግ ነው። ከውጭ ሲያዩዋት ነጠላ ብቻ ያደረገች ነው የምትመስለው። አልተቃወመችም። አፍንጫ ከውጭ የቀረበት ማስክ ግን ምንም አይሠራም። ጆሮ ላይ የሚጠለቀው ላስቲክ ከመስሚያ መሣሪያቸው ጋር ይጣላል፤ ለእነዚያ ከኋላ የሚታሰረውን ፈልግላቸው።

ግቢው ላይ ጥላ ያስፈልግሃል። ዛፍ ከሌለ አትክልት ቤቶች የሚጠቀሙበት ጥቁር የጥላ መረብ አለ፣ እሱን ወጥር። ወንበሮቹ መሀል ሁለት ሁለት ሜትር ይሁን፤ ባልና ሚስት ግን አብረው ይቀመጡ፣ እንዲያውም ይሻላቸዋል። ነታንያ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ አለ አይደል? ነፋሱ በጎን እንዲያልፍ አድርገህ ደርድራቸው። ቄሱ ከፊት ቆመው ነፋሱ ከኋላቸው ከመጣ ትንፋሻቸው ሁሉ ወደ ሰው ነው የሚሄደው።

ጾሙን በተመለከተ፣ እባካችሁ ይህን ለሁሉም ንገሩ። ትኩሳት ያለው ሰው አይጾምም፤ ይጠጣል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ኪፑር ከመግባቱ በፊት ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ደውሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። ፒኩዋህ ኔፌሽ፣ ነፍስ ማዳን ከትእዛዝ ይቀድማል፣ ማለት ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት፣ ኮሮና ሳይኖርም፣ በኪፑር ማግሥት ስንት አባቶች በጥማት ወድቀው እንደመጡብን እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ክፍል የሚገቡ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ነው የሚገቡት። የሚያስተረጉምላቸው ልጅ አብሮ አይገባም። አንድ አባት ሁለት ቀን ሙሉ "ጎኔን" ሲሉ ማንም አልገባውም፤ እኔ ፈረቃዬ ደርሶ ስገባ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ያለባቸውን በሽታ፣ የአንተን ስልክ ቁጥር በዕብራይስጥ ጽፈህ ቤታቸው በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፍላቸው። አምቡላንስ ሲመጣ እሱ ይናገርላቸዋል።


ዘሐደራ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020

ሁላችሁም ደህና እደሩ። እኔ ግን የተለየ ነገር ነው የምለው። አባቶቻችን ስንት መከራ አይተው ጸሎት ቤት ዘግተው አያውቁም። በክፉ ቀን ከብቱ ሁሉ አልቆ፣ ሰው በየመንገዱ ወድቆ፣ ያኔም ጸልየዋል። እናቴ ብቻዋን ናት። ከማርች ጀምሮ ቤት ተቀምጣ ወገቧ ጎብጧል፣ የምትበላው ቀንሷል። ጸሎት ቤት ስትሄድ ነው ሰው የምትሆነው። ሰው በብቸኝነትም ይሞታል። ይህን ማንም አይቆጥረውም። ወንድሜ፣ በሩን ከፍተህ ሰውን ለአምላኩ ተውለት።


የቄስ ልጅ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020

ዘሐደራ፣ ስለ እናትህ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ስለ ብቸኝነቱ እውነትህን ነው። ስለ ክፉ ቀን ግን አባቴ የሚሉት ሌላ ነው። ያን ጊዜ በሽታ የገባበት መንደር ሰው ከመንደሩ አይወጣም፣ ሌላውም ወደዚያ አይገባም ነበር ብለው ከአያታቸው የሰሙትን ይነግሩናል። ጸሎቱ አልቀረም፤ በየቤቱ፣ በየደጁ ነበር።

ገባይ ወንድሜ፣ እኛ ርሖቮት ነን። በሜይ ጸሎት ቤቶች ሲከፈቱ የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣውን ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፍኩ። በቀለም ያሸበረቀ፣ ሁለት ሜትር፣ ማስክ፣ አልኮል የሚል። በዕብራይስጥ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንድም የሚያነበው የለም። እኔ ግን ነገርኳቸው አይደል ብዬ ቆጣ ቆጣ ማለት ጀመርኩ። "አባባ ራቅ ይበሉ፣ እማማ አይንኩ" እያልኩ እንደ ፖሊስ ቆምኩባቸው። አንዷ እናት "ልጄ፣ ሸተትኩህ እንዴ?" አሉኝ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ቄስ ናቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "እኛ እኮ ይህን እናውቀዋለን፣ በእኛ ቃል አልነገርካቸውም" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሰንበት እሳቸው ተነሡ። ዘሌዋውያን 13ን በግዕዝ አነበቡና በአማርኛ ፈቱት። ደዌ የታየበትን ሰው ካህኑ ሰባት ቀን ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። 14 ቀን ማለት ነው። መንግሥት ቢዱድ የሚለው፣ ተለይቶ መቀመጡም፣ በማርች ሲጀመር 14 ቀን ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እዚያው ላይ ደግሞ የታመመው ሰው አፉን ይሸፍን ይላል። "ይኸው ማስክ" አሉ አባቴ። ግን ወዲያው አስጠነቀቁ። ማስክ ያደረገ ሁሉ ደዌ አለበት ማለት አይደለም፣ ማን እንዳለበት ስለማይታወቅ ሁላችንም እንሸፈናለን አሉ።

ከዚያ የሀገር ቤቱን አነሡ። ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ወንዝ ወርዶ ገላውን ሳይታጠብ ቤት አይገባም ነበር። አራስ የራሷ ጎጆ ነበራት፤ ምግብ የሚያደርስላት ሰው ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጦ ይመለሳል። ጎረቤቶቻችን በዚህ የተነሣ "አትንኩኝ" እያሉ ይሰድቡን ነበር። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው "የዛሬው ሰው ሁሉ አትንኩኝ ሆኗል!" አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ እኔ ፖሊስ መሆን አላስፈለገኝም። እርስ በርሳቸው ነው የሚጠባበቁት።

ሰላምታውንም አባቴ ፈቱት። "እጅ መንሳት የማን ነው? የእኛ አይደለም እንዴ?" አሉ። ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ፣ ከሩቅ። ቄሱም ከቆሙበት ይመርቃሉ። ምርቃት በአየር ይሄዳል አሉ። አሁን ቢያቅፉህ ነው የሚገርምህ።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው። ነርሷ ያለችውን ሁሉ አድርግ። ግን አንተ አትናገር፤ ቄሳችሁ ይናገሩ።


እናት ከአሽቀሎን
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020

ስለ መመዝገቡ ጉዳይ ብቻ ነው የምመልሰው፣ በሌላው የተሻለ የሚያውቁ ጽፈዋል።

እኛ በልብስ መቆንጠጫ ነው የፈታነው። ያው ልብስ ስናሰጣ ገመድ ላይ የምናደርጋት የእንጨቷን። በዓሉ ሳይገባ በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ የአንድ ሰው ስም ጻፍኩ። መጻፍ የማያውቁት እንዲለዩት ባለቀለም ክር አሰርኩባት። ሁሉንም በር ላይ ባለ ገመድ ላይ ሰካኋቸው። ሰው ሲገባ የራሱን ያነሣና የሚቀመጥበት ወንበር ጀርባ ላይ ይሰካታል። ሲሄድ እዚያው ይተዋታል። በዓሉ ሲወጣ ዞር ዞር ብዬ ማን የት እንደተቀመጠ አይቼ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ገመዱ ላይ የቀረችው ደግሞ ያልመጣው ሰው ናት፤ ማታውኑ እደውልለታለሁ። በዚህ ሰበብ አንዲት እናት መውደቃቸውን አውቀን ደረስንላቸው።

ገና ሳይገቡ ደግሞ በቃል ጠይቃቸው። ሳል አለ? ትኩሳት አለ? ሽታ ጠፋብዎት? ቡናው ይሸትዎታል ብለህ ብትጠይቃቸው ይበልጥ ይገባቸዋል።


ከጎንደር
ሴፕቴምበር 16 ቀን 2020

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ገና ጎንደር ነኝ፣ ተራችንን እየጠበቅን ነው። እናቴ ነታንያ ናት። ምናልባት አንተው ጸሎት ቤት ትመጣ ይሆናል።

እኛ ጋ በመጋቢት መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መሰብሰብ ቀረ። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየሆንን መጸለይ ጀመርን። የቧንቧ ውኃ ሁልጊዜ ስለማይኖር በር ላይ ጀሪካን በገመድ ሰቀልን። ከታች እንጨት አለ፤ በእግር ስትረግጠው ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ በእጅህ ምንም አትነካም። ሳሙናውም በክር ተንጠልጥሏል። ውኃ ከሩቅ የሚቀዱት ልጃገረዶቹ ናቸው። በየቀኑ።

ዘሐደራ ብቸኝነት ያልከውን እኔም አውቀዋለሁ። እናቴን ካየኋት 13 ዓመት ሆነኝ። እባካችሁ ጠብቋት። ስመጣ እንዳገኛት።


የነታንያው ገባይ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 2020

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዓሉ ትናንት ማታ ወጣ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ከሁለት ጎረምሶች ጋር የጥላ መረቡን ወጠርን። አንዱን ጫፍ ከሚክላቱ ጣሪያ፣ ሌላውን ከመብራት እንጨት ጋር አሰርነው። 20 ወንበር ደረደርን፤ ውጭ የተፈቀደው 20 ሰው ነው። ከሥራ የሜትር ገመድ አምጥቼ እየለካሁ በኖራ ምልክት አደረግኩ። ለሴቶቹ በግራ በኩል፣ አጥሩ ሥር። የማታ መብራቱን በሰንበት ሰዓት፣ መብራት በራሱ በሚያበራና በሚያጠፋው፣ ሞልቼ አሠራሁት። የሚክላቱን በር ቆልፌ ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ ለምን ብትሉኝ ለምነው እንዳይወስዱብኝ ነው።

20 ሰው ማለት ግን ከ45ቱ ከግማሽ በላዩ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ነበር የጨነቀኝ። ቄሳችን በሁለት ፈረቃ አደረጉት። ሽማግሌዎቹ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ወጣቶቹ ከ4 ሰዓት በኋላ። ጸሎቱንም አሳጠሩ፣ ስብከቱን አስቀሩ፣ ከጸሎት በኋላ የምንቆርሰውን በረከት በየቤቱ በተለያየ ከረጢት አደረግነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በዓሉ ሊገባ ሲል፣ ቄሱ በአማርኛ ተናገሩ። የቄስ ልጅ የጻፍከውን ሁሉ አንብቤላቸው ነበር። የራሳቸውንም ጨመሩበት። "ጋሼን እኛ ነን የገደልናቸው አልልም" አሉ። "ግን ሁለተኛ ሰው በቸልታ ብንቀብር ኪፑር ላይ ምን ብለን እንቆማለን?" ማንም አልተናገረም። አባቴ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ሾፋር፣ የበዓሉ ቀንደ መለከት፣ አልተነፋም። እሑድ ተነፋ። ነፊው ወጣት ነው፤ ከሁሉም ርቆ አጥሩ ጥግ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ቆመ። የሾፋሩን ሰፊ አፍ በጨርቅ ማስክ ሸፈነው። ድምፁ ይታፈናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምንም አልሆነም። ፊት ለፊት ካሉት ሕንፃዎች ሰው በየበረንዳው ወጣ። ሩሲያውያኑም፣ ሞሮኮዎቹም። አንዲት ሴትዮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ታቅፋ እስኪያልቅ ቆመች። በ7 ዓመት ውስጥ ከዚያ ሚክላት የወጣ ድምፅ ሰፈሩ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ኦሪቱን ያነበብኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። የሚጠራው ሰው ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ ይባርካል። መሳለም የለም፤ ሁሉም ከወንበሩ ጎንበስ አለ።

አባቴ መቆንጠጫቸው ቀይ ክር ነው። ሲገቡ አነሡና ዞረው ገመዱን አዩት። ከዚያ "የጋሼስ የት አለች?" አሉኝ። የለም አልኳቸው። አላሰብኩበትም ነበር። ዝም ብለው ሄደው ተቀመጡ።

ነርሷ፣ የማስኩ ነገር እንዳልሽው ነው። ከነጠላው ሥር ካደረግንላቸው በኋላ ያወለቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አልሰማ እያላቸው ነው። ፊት ወንበር ላይ አመጣኋቸው፣ ቄሱ ቀስ ብለው እንዲናገሩ ለመንኳቸው፣ መልሰው አደረጉ።

ዘሐደራ ወንድሜ፣ እናትህ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው? የሐደራ ገባይ ወዳጄ ነው። ቤቷ መስኮት ሥር ሦስት አራት ሰው ሆነው ሊጸልዩላት ይችላሉ። ለእኛ ለአንዲት እናት እንዲያ አድርገናል፤ ከፎቅ ሆነው አሜን ይሉ ነበር።


ዘሐደራ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 2020

በ12 ሰዓት ነው የምትነሣው። ስልኬን በግል ልኬልሃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርህ።


የነታንያው ገባይ
ሴፕቴምበር 29 ቀን 2020

ኪፑር ትናንት ማታ በሰላም ወጣ።

ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዱ ሳል ስለነበራቸው ራሳቸው "አልመጣም" ብለው ልጃቸውን ላኩ፤ ለ14 ቀን ከቤት አልወጣም ብለዋል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ሌላዋ እናት በነርሷ ምክር ሐኪማቸውን ጠይቀው አይጹሙ ተባሉ። አለቀሱ። ቄሱ ቤታቸው በር ድረስ ሄደው ከደጅ ሆነው "መጠጣትዎ ዛሬ ጾም ነው" አሏቸው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሙቀቱ በረታና ሽማግሌዎቹን ሁሉ ቤታቸው ልከን 10 ሰዓት ላይ መለስናቸው። አንድም ሰው አልወደቀም።

ባለፈው ሰንበት ዋዜማ አንድ መቆንጠጫ ጨመርኩ። የጋሼን ስም ጻፍኩ። ነጭ ክር አሰርኩባት። ኪፑር ማታ አባቴ ሁለቱንም አነሡ፤ ቀዩን በራሳቸው ወንበር፣ ነጩን ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሰኩ። ወንበሩን አልዳበሱትም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ተቀመጡ።

ከጎንደር የጻፍከው ልጅ፣ እናትህን አገኘኋት። መቆንጠጫዋ አረንጓዴ ክር ናት። ማለዳ ላይ ትመጣለች፣ ማስኳን ታደርጋለች፣ ደህና ናት።

አሁን ደግሞ የማስበው ሲግድን፣ ኢየሩሳሌም ወጥተን የምናከብረውን የወገኖቻችንን በዓል፣ ነው። ዘንድሮ ኖቬምበር 16 ላይ ይውላል። እንደ ወትሮው በአውቶቡስ ተጭኖ ኢየሩሳሌም መውጣት የሚሆን አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ ግን ከወዲሁ እየጠየቁኝ ነው። እናንተ ጋ ምን ታስቧል?